እሺ ይበልጣል ከሺ

«እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን ነው ያደግነው። ውኃ ቅዳ ሲሉን እሺ፤ ጥጃ መልስ ሲሉን እሺ፤ እንግዳ መጥቷልና መደቡን ልቀቅ ሲሉን እሺ። «ለምን?» ያለ ልጅ አፈ ጮሌ ነው፤ «እምቢ» ያለማ ለይቶለት ያልተገራ ነው። እናም እሺ ማለትን ከጡት ጋር ጠባነው። ትልቅ ሰው ሆነን እንኳ እምቢ ለማለት ስንፈልግ «እሺ፣ እናያለን» ነው የምንለው። እኔም ይህን ሁሉ ዘመን በዚህች ቃል ስኖር ማንንም የጎዳሁባት አይመስለኝም ነበር። በቅርብ ዓመት አንድ ክረምት ግን ፍላቂት ላይ የአንዲት እሺ ዋጋ በብርም በዘመድም ተቆጥሮ ተነገረኝ። ነገሩን ላጫውታችሁ።

ፍላቂትን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ በሚወርደውና አገሬው «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ ያለች የመቄት ከተማ ናት። ላሊበላ ሊሳለም የሚሄድ ሰው ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ሳይታጠፍ ወደ ምዕራብ የቀጠለ ፍላቂትን ያገኛታል። ደጋ ናት፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ ባሕር ዛፍና ብርድ ሞልቷታል። በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ከመንገዱ ወዲያ ያለ ቤት አይታይም። አክስቴ እዚያው መንገድ ዳር ቡና አፍልተው በመሸጥ ይኖራሉ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋሸናን አልፎ በመቄት ሲዘልቅ ስልኩም መብራቱም ጠፍቶ ነበር። እኛ አዲስ አበባ ያለነው፣ እዚያ ያሉት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ ለወራት ከረምን። ከዚያ ወዲህ ለአካባቢው ሰው ስልክ ማለት «አለሁ» ማለቻ ነው። አክስቴም የቀድሞ ስልካቸው በዚያ ግርግር ጠፍቶባቸው ነበርና፣ ሰላም ነው በተባለ በአንድ ጥምቀት ስሄድ አዲስ የቁልፍ ስልክ ገዝቼ፣ ሲሙን በስማቸው አስወጥተን አስረከብኳቸው። ምርቃቱን ጠግቤ ተመለስኩ።

ተመልሼ የሄድኩት በነሐሴ፣ በቡሄ ማግሥት ነው። ጾም ነውና የድንች ወጥ ቀረበልኝ። «አፈር ስሆን ብላ!» እየተባልኩ ስበላ፣ በሆዴ ይዤው የመጣሁትን ቅሬታ አወጣሁት።

«እትየ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ደውለው አያውቁም? ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምደውለው።»

«በምኑ ልደውል? ይኸ ያመጣህልኝ ስልክ ብር ይበላል።»

«እንዴት ነው የሚበላው?»

«ይበላላ! 10 ብር አስሞላለሁ። አልደውልበት፣ አላወራበት፤ አምስት ቀን አይቆይም። ስከፍተው ያቺ ሴትዮ ‹ሒሳብዎ በቂ አይደለም› ትለኛለች። አጥፍቼው ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ተቆልፎበትም ይበላል።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ዙሪያዬን ስመለከት አንድ ነገር ጎደለብኝ። ከገጠር መጥቶ እሳቸው ቤት ተቀምጦ የሚማረው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ መኝታ ከነበረበት ጥግ የለም። ክረምት ስለሆነ አባቱ ጋር አረም ሊያግዝ ወርዶ ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱንማ አስወጣሁት» አሉ ዓይናቸውን ከምድጃው ሳያነሡ። «ኸቤቱ ያለነው ሁለት ነን። እኔ አልደወልኩ። ማን ሊሆን ነው ታዲያ? ማርያምን ብሎ ማለልኝ፤ አላመንኩትም። በግንቦት ልብሱን ይዞ ወጣ፤ ኸጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራየ። አባቱም ‹ልጄን ሌባ አልሽብኝ› ብሎ አኩርፎኛል።»

ስልኩን አመጡልኝ። በሻሽ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። ፈትቼ ስከፍተው የመልእክት ማስቀመጫው ሞልቷል የሚል ምልክት ታየኝ። ገባሁበት። 200 መልእክት! ሁሉም ከአንድ አጭር ቁጥር የመጡ ናቸው፤ አንዱም አልተነበበም።

እስቲ አብረን እናንብባቸው። «ክብደትዎን ለመቀነስ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ በእግር ይጓዙ።» አክስቴ ውኃ ለመቅዳት ብቻ በየቀኑ የሚሄዱት መንገድ ከዚያ ይበልጣል። «ወደ ቢሮዎ ሲገቡ በሊፍት ፈንታ ደረጃ ይጠቀሙ።» ይኸኛውን ሳነብላቸው «ሊፍት ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሥጋና ቅባት አያዘውትሩ።» የመጣችው በዐቢይ ጾም ነው። እንዲህ እያልኩ ወደ ታች፣ ወደ መጀመሪያዋ ወረድኩ። የመጀመሪያዋ የተላከችው ጥር 11 ቀን ነው። «እንኳን ደስ አለዎት! የጤና ምክር አገልግሎታችን ደንበኛ ሆነዋል። ለ3 ቀናት ነፃ፣ ከዚያ በኋላ በቀን 2 ብር። ለማቋረጥ...» ይልና «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፈው ይላኩ ይላል።

ጥር 11! ስልኩን የሰጠኋቸው ቀን። እና ትዝ አለኝ። ያን ቀን ታቦቱ እስኪመለስ ግቢው በእንግዳ ተሞልቶ፣ እኔ ስልኩን እንዴት እንደሚያነሡ ለማሳየት ስቸኩል፣ አንድ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብልጭ አለ። በግራ «እሺ»፣ በቀኝ «ተመለስ» ይላል። ምን እንደሚል አላነበብኩም። መንገዴን ስለዘጋብኝ ብቻ ዞር እንዲልልኝ «እሺ»ን ተጫንኩ። በቃ! ሌባው እኔ ነኝ። ልጁ አይደለም።

ሒሳቡን ላስላላችሁ። ከጥር 12 እስከ ነሐሴ 14 ድረስ 213 ቀን ነው። ሦስቱ ነፃ፤ 210 ቀን በ2 ብር 420 ብር። ካርድ ያጡበት ቀን ሁሉ ቢቀነስ እንኳ ይህ ገንዘብ ለቡና ሻጭ ቀላል አይደለም። ይብስ ብሎ መጨረሻ የደረሰችው መልእክት የሐምሌ 30 ናት። ከዚያ በኋላ ማስቀመጫው ስለሞላ አንድም ምክር አልገባም። ብሩ ግን መቆረጡን አላቆመም። አክስቴ ለሁለት ሳምንት ያልደረሳቸውን፣ ከዚያም በፊት ማንበብ የማይችሉትን ምክር ሲከፍሉ ከርመዋል ማለት ነው። በዚያ ቤት ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ነበር። እሱ ደግሞ በእነዚሁ መልእክቶች ምክንያት ተጠርጥሮ ስልኩን እንዳይነካ ተከልክሏል!

ላቋርጥ ተነሣሁ። ቃሉን በላቲን ጽፌ ላክኩ። መልስ የለም። ለካ ማስቀመጫው ሙሉ ነው፤ መልሱስ በየት ይግባ? ሁለት መቶውን ሁሉ አጠፋሁ። (ይህ ትልቅ ስሕተቴ ነበር፤ እመለስበታለሁ።) እንደገና ላክኩ። «የላኩት ቃል ትክክል አይደለም» የሚል መጣ። በትልልቁ ፊደል ጻፍኩት። አሁንም ትክክል አይደለም። በመጨረሻ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ለአማርኛ አንድ ተጫን፣ ለዚህ ሁለት፣ ለዚያ ሦስት፤ ሙዚቃ፤ «ይጠብቁ»፤ ሙዚቃ። ቡናው ሁለተኛ ፈላ። በስተመጨረሻ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ አነሣች።

«ቁጥሩ በማን ስም ነው?»

«በአክስቴ።»

«ባለቤቷን ያቅርቡልኝ።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። አክስቴ የአገሩን ሰላምታ ከነቤተሰቡ ጠይቀው ሲጨርሱ ልጅቷ የትውልድ ዘመናቸውን ጠየቀች። «እኔ የት አውቄው ልጄ? ኸረሃቡ በፊት ትልቅ ልጅ ነበርኩ» አሉ። መታወቂያቸውን አውጥቼ የተጻፈውን ከጎን ሹክ አልኳቸው። ተቀበለችን። «ተቋርጦልዎታል፤ ሌላ ምን ልታዘዝ?»

«የተቆረጠው ብርስ?» አልኩ ስልኩን ተቀብዬ።

«እሱ የአገልግሎቱ ባለቤት የሆነው ድርጅት ጉዳይ ነው። ደግሞ ደንበኛዋ ተስማምተው ነው የተመዘገቡት።»

ተስማምተው! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከነከነኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሕጉን አገላበጥኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውልን የሚያቆመው ፈቃድ እንደሆነ ይናገራል። ቁጥር 1682 ላይ ደግሞ ዝም ማለት የቀረበን ሐሳብ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በግልጽ አስቀምጧል። አስቀድሞ የንግድ ግንኙነት ላላቸው ሰዎች የተለየ ሁኔታ ቢያበጅም መሠረቱ ይኸው ነው። በስሕተት ወይም በተንኮል የተሰጠ ፈቃድም ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል ይላል። ጊዜ ያልተወሰነለት ውል ከሆነ ደግሞ አንደኛው ወገን አስታውቆ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ሞባይል የሚባል ነገር ባልታሰበበት ዘመን ነው።

በኋላም ባዶ እጃችንን አልቀረንም። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 685፣ እሱን ተክቶ በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ሸማች ጥበቃ ወጥተዋል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ ስለጠየቀ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው በ813 ተደንግጓል። ይህን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ሲቀር ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ዞሯል። ለስልኩ ነገር ለብቻው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ በ2013 ዓ.ም. የቴሌኮም ሸማቾችን መብት የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። አቤቱታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለአገልግሎት ሰጪው፣ ካልረካ ለባለሥልጣኑ ማቅረብ ይችላል።

እንግዲህ ሕግ አለን። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። «በቂ መረጃ» የተባለው ለአክስቴ የደረሳቸው በማያነቡት ፊደል ነው። የመውጫው ቃል ደግሞ አማርኛ የሚያነብ ሰው እንኳ የማያውቀው ሊሆን በሚችል በሌላ ፊደል ነው። ለመግባት የእኔ አንድ አውራ ጣት በቂ ነበር፤ የማን አውራ ጣት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ለመውጣት ግን ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ መታወቂያና ሁለት ጀበና ቡና ጠየቀ። ከገቡ በኋላ ያለው ሰባት ወር ዝምታ በየዕለቱ እንደ አዲስ «እሺ» ተቆጠረ። ሕጉ ዝምታ እሺ አይደለም ይላል፤ ማሽኑ ደግሞ ዝምታ በቀን 2 ብር ነው ይላል።

አገልግሎቱ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በአጭር ቁጥር ብዙ በጎ ነገር ሠርተናል። ለሕዳሴው ግድብ በ8100 መልእክት እየላክን አዋጥተናል። የጤና ምክርም ለፈለገው ጥሩ ነው። ቅሬታዬ መውጫው ላይ ነው።

ደግሞ መውጫ ማበጀት ለእኛ አዲስ ጥበብ ሆኖ አይደለም። አባቶቻችን ያለ በር ቤት አልሠሩም። የእኩል እርሻ የሰጠ ሰው አዝመራው ሲሰበሰብ ተካፍሎ ይለያያል፤ «ዝም ስላልክ የከርሞውንም ተስማምተሃል» የሚል አራሽ የለም። ከዕድር መውጣት የፈለገ ለዳኛው ይናገራል፤ ዳኛው ይቆጣው ይሆናል እንጂ «ቃሉን በላቲን ጽፈህ አምጣ» አይለውም። ዕቁብ እንኳ፣ ዕጣ ደርሶት ብሩን የወሰደ ሰው በዋስ ተይዞ እስከ መጨረሻው ይጥላል እንጂ ያልወሰደው ተነጋግሮ ሰው ተክቶ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ የከበደው ውል ጋብቻ ነው። እሱም ሽማግሌ ተቀምጦበት፣ ንብረት ተቆጥሮበት፣ ሰማንያው ይቀደዳል። እንግዲህ ከባል መለያየት የሚቻልበት አገር ከጤና ምክር መለያየት እንዴት አቃተው?

በእኛ ብቻ የደረሰ ነው ብዬ እንዳላማርር፣ የውጩን ዓለም ብመለከት ጉዱ እዚያም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞንን ሲከስ፣ ኩባንያው «ፕራይም» ከተባለው አባልነት መውጫውን መንገድ በውስጥ «ኢሊያድ» ብሎ ይጠራው እንደነበር ክሱ ላይ ተገለጸ። ኢሊያድ ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከው የሆሜር ረጅም ግጥም ነው። መውጫውን ያን ያህል ረጅም ማድረጋቸውን ራሳቸውም ያውቁ ነበር ማለት ነው! ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 በስምምነት ሲቋጭ ኩባንያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ያው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 «መውጫው እንደ መግቢያው ቀላል ይሁን» የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረበት። ጀርመኖች ግን ከጁላይ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ደንበኛ የሚያስፈርም ድርጅት ውል ማቋረጫ ቁልፍ በግልጽ እንዲያስቀምጥ በሕግ አስገድደዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው የሕንዶቹ ነው። የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ትእዛዝ ደንበኛው አንዴ እሺ ካለ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ካላረጋገጠ በስተቀር እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳይጀመርለት አድርጓል። ሁለት እሺ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ እንደኔ በችኮላ ብትሆን እንኳ ሁለተኛዋ ታድናለች።

ምን ይደረግ ለሚለኝ አንባቢ የገባኝን ልናገር። ድርጅቶቹ ቢያንስ መውጫውን በመጡበት መንገድ ያበጁት። በአንድ ቁልፍ ከገባሁ በአንድ ቁልፍ ልውጣ። «አቁም» የሚለው ቃል በራሳችን ፊደልም ይሥራ፤ ለማያነብ ሰው በድምፅ ይነገረው። ለወራት መልእክቱን ያልከፈተ ደንበኛ «አሁንም ይፈልጋሉ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ካልመለሰ ይቋረጥለት። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ዝምታ እሺ አለመሆኑን ማክበር ነው።

እኛስ? ለእናትና ለአባቶቻችን ስልክ የምንገዛ ልጆች ስልኩን ስንሰጥ ምርቃት ተቀብለን መሮጥ ብቻ አይበቃንም። ቤት በሄድን ቁጥር መልእክቶቹን ከፍተን እንይ። ብልጭ ያለን ጽሑፍ ሳናነብ አንጫን። ብር ያለምክንያት የሚጎድል ከሆነ የዕለት ሒሳቡን እንከታተል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደኔ በንዴት መልእክቱን አታጥፉ። ያቺ የጥር 11 መልእክት ማስረጃዬ ነበረች። ቀኑን፣ ዋጋውን፣ የላኪውን ቁጥር የያዘች ነበረች። አቤት ልል ስነሣ በእጄ ያለው የአክስቴ ንጹሕ ስልክ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ቁጥሩንና ቀኑን ወረቀት ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ ማቋረጥ፣ ከዚያ ለአገልግሎት ሰጪው በጽሑፍ ማመልከት፣ ያመለከቱበትን ቀንም መያዝ። 420 ብር ለጠበቃ አይበቃም፤ ግን 420 ብር የተወሰደባቸው ሰዎች ብዙ ከሆኑና ሁሉም ካመለከቱ፣ የሚቆጥር ሰው ይመጣል። «ለሁለት ብር ብዬ?» የምትለዋ ኩራታችን ናት የሌላው ገበያ። ሁለት ብር ከአንድ ሰው ሁለት ብር ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ሁለት ሚሊዮን ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ለአክስቴ እውነቱን የነገርኳቸው በዚያው ዕለት ነው። «እኔ ነኝ የተጫንኩት፤ ልጁ ምንም አላደረገም» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ይህ ዝምታ እሺም እምቢም አልነበረም። ከዚያ «ማርያምን ብሎ ማለልኝ እኮ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

በማግሥቱ ጧት ጉሙ ሳይገፍ ተነሣን። የወንድማቸው ቤት ከፍላቂት ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ነው፤ በክረምት ጭቃ ደግሞ ሦስት። «30 ደቂቃ በእግር ይጓዙ» የምትለዋ ምክር መንገድ ላይ ትዝ እያለችኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ስንደርስ አባትና ልጅ አረም ላይ ናቸው። አክስቴ ማሳው ዳር ቆሙ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አባቱ ፊት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። እኔም ቀጥዬ የእኔን ተናገርኩ። አንድ ትልቅ ሰው ለልጅ አጎንብሶ ሲቆም ማየት ደስ አይልም። ልጁ የሚገባበት ጠፍቶት በእጁ የያዘውን አረም እያሻሸ መሬት መሬት አየ።

«እሺ» አለ።

ወደ ቤት ገባን፤ ቆሎ ቀረበልን። ወንድምና እህት ተሳሳሙ። አባቱ ስመለስ እስከ ጅረቱ ሸኘኝና «ስልክ ብትገዛላት ደግ ነበር፤ ነገር ግዛላት ያለህ ማን ነው?» አለኝ። ቀልዱ ነው። ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም።

በመስከረም አዲስ አበባ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናቸው፤ በራሳቸው ብር ሲደውሉልኝ የመጀመሪያቸው ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። 10 ብራቸው ሁለት ሳምንት እንደቆየላቸው ነገሩኝ። ልጁም ስንቁን ይዞ ተመልሶ እሳቸው ቤት ገብቷል። «እልል አልኩ» አሉኝ።

«እንግዲህ መልእክት ሲመጣ እሱ ያንብብልዎት» አልኳቸው።

ትንሽ ዘገዩ። «አይ፣ እሱ እንኳ ስልኬን በእጁ አይነካም። አንብብልኝ ስለው ‹ለጎረቤት ያስነብቡ፣ እትየ› ይለኛል። ሲጮህ እንኳ ካለበት አያነሣልኝም። ኸፊቱ ሳስቀምጠው ተነሥቶ ይወጣል።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። የጤና ምክሩን በስንት መከራም ቢሆን አቋርጠናል። ይኸኛውን ግን በየትኛው አጭር ቁጥር «አቁም» ብዬ እንደምልክለት እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።